ስክሪፕትህ የት የት ይገባል?

(ባለፈው ቅዳሜ አራት ኪሎ አካባቢ ለተሰበሰብን የፕሮግራሚንግ ወዳጆች ያደረግኩት ንግግር ነው። ከቀረጻው ላይ ገልብጬ፣ ሳሌንና «እእ» ማለቴን ብቻ አውጥቼ እንዳለ አስቀምጬዋለሁ።)

ጤና ይስጥልኝ፤ እንደምን ዋላችሁ! ከኋላ ያላችሁ ይሰማችኋል? ጥሩ። ማይኩ ከጠፋ በጉሮሮዬ እቀጥላለሁ። መብራት ከሄደም አትደንግጡ፤ እሱን ፈርቼ ስላይድ የሚባል ነገር ጭራሽ አላዘጋጀሁም።

በጥያቄ ልጀምር። ብራውዘሩ ላይ ታምፐርሞንኪ ወይም ቫዮለንትሞንኪ የጫነ ሰው እስቲ እጁን ያውጣ። ኦሆ፣ ብዙ ናችሁ! እንዳታወርዱ። አሁን ደግሞ የጫናችኋቸው ስክሪፕቶች እያንዳንዳቸው የትኞቹ ሳይቶች ላይ እንደሚሠሩ በቃላችሁ የምታውቁ ብቻ እጃችሁን አቆዩ። አያችሁ? ሁለት እጅ ቀረ። አንዱ የእኔ ነው።

ለማታውቁት ባጭሩ፦ ዩዘር ስክሪፕት ማለት የሌላ ሰው ድረ ገጽ እናንተ ብራውዘር ላይ ሲከፈት የምትጨምሩበት ትንሽ የጃቫስክሪፕት ኮድ ነው። ታምፐርሞንኪና ቫዮለንትሞንኪ እሱን የሚያስኬዱ ኤክስቴንሽኖች፣ ማለትም ብራውዘር ላይ የሚጨመሩ ትንንሽ ፕሮግራሞች ናቸው። ሳይቱ የእናንተ አይደለም፤ ሰርቨሩንም አትነኩትም። ግን እናንተ ዓይን ፊት የሚመጣውን ገጽ እንደፈለጋችሁ ታደርጉታላችሁ፤ ፊደሉን ታተልቁታላችሁ፣ ማስታወቂያውን ትደብቃላችሁ፣ አንድ ቁልፍ ትጨምሩበታላችሁ። ይህን ነገር ሰፊው ሕዝብ ያወቀው በግሪስሞንኪ ነው። አሮን ቡድማን የተባለ ሰው በፈረንጆች 2004 መጨረሻ ላይ ለፋየርፎክስ የጀመረው ኤክስቴንሽን ነው፤ «ሞንኪ» የሚለውን ስም ሌሎቹ የወረሱት ከእሱ ነው።

ዛሬ ሦስት ነገር እናገራለሁ። አንደኛ፣ ስክሪፕቱ የት እንደሚሠራ የሚወስነው መስመር እንዴት ይጻፋል? ሁለተኛ፣ የሰው ስክሪፕት ስትጭኑ ገደቡ በማን እጅ ነው? ሦስተኛ፣ መስመሩ በትክክል ተጽፎም የማይሠራበት ጊዜ አለ፤ ለምን? ከዚያ በፊት ግን አንድ የቤተሰብ ጉድ ላጫውታችሁ። እህቴ ፈቅዳልኛለች፤ ስሟን እንዳልጠራ ብቻ አስጠንቅቃኛለች።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የፈረንጅን ቀን ወደ እኛ ቀን የሚቀይር ስክሪፕት ጻፍኩ። ችግሩን እዚህ ያለን ሁላችን እናውቀዋለን፤ ቢሮ ስንገባ ጃንዋሪ ነው፣ ቤት ስንገባ ጥር። ስክሪፕቱ ገጹ ላይ 19/01/2025 ሲያገኝ 11/05/2017 ብሎ ይጽፈዋል። ጥር 11! ጥምቀት መሆኑ ወዲያው ይታያችኋል። በጣም ኮርቼበት ነበር።

የት እንዲሠራ አዘዝኩት? ሁሉም ቦታ። @ማች ብዬ *://*/* («የትኛውም ሳይት፣ የትኛውም ገጽ» ማለት ነው) ጻፍኩና ወደ ሌላ ሥራዬ ሄድኩ። ቀን የሌለበት ሳይት የት አለ? ብዬ ነዋ!

እህቴ አንድ ሰሞን በእኔ ላፕቶፕ የውጭ አገር የትምህርት ዕድል ማመልከቻ ትሞላለች። የተወለደችው በፈረንጅ 19/01/1998 ነው። ሞላች፣ ሴቭ አደረገች፣ ደከማትና ተኛች። በማግስቱ ማመልከቻውን መልሳ ስትከፍተው ቅጹ ያስቀመጠላትን ቀን ሳጥኑ ውስጥ አምጥቶ ያሳያል። የእኔ ጀግና እዚያ ጋ ይጠብቀው ነበር። 19/01/1998 የሚለውን አየና 11/05/1990 አደረገው። እሷ ታች ያለውን ድርሰቷን እያረመች ነው፤ ላይኛውን ማን ያየዋል? ሴቭ።

እዚህ ጋ ቆም በሉልኝ። የወጣው ቀን የተበላሸ ቢሆን ኖሮ ሰርቨሩ ይጮህ ነበር። ግን 11/05/1990 በፈረንጅም ደህና ቀን ነው፤ ሜይ 11። ሰርቨሩ ምን ቸገረው? ተቀበለ። በሦስተኛው ቀን ደግማ ከፈተችው። ስክሪፕቱ አሁን ደግሞ ሜይ 11 ቀን 1990 የሚል የፈረንጅ ቀን አገኘ፤ ሥራው ነውና ግንቦት 3 ቀን 1982 አደረገው። 03/09/1982። ሴቭ። በሦስት ቀን ውስጥ እህቴ ከ1998 ወደ 1990፣ ከ1990 ወደ 1982! ሁለት ሦስቴ ብትጨምር እናታችን ላይ ትደርስባት ነበር።

ማመልከቻው ተመለሰ፤ የልደት ቀኑ ከፓስፖርቱ ጋር አይገጥምም ተብሎ። እኔ ደግሞ ወንድም ነኝና ተቆጣሁ፤ «ሲስተማቸው የማይረባ ነው» ብዬ ማምሻውን ሙሉ ሳይቱን ስረግም አመሸሁ። ነገሩ የተገለጠው በስልኳ ስትከፍተው ነው። ስልኳ ላይ 03/09/1982 ይላል። ላፕቶፑ ላይ 28/12/1974 ይላል። ያው ማመልከቻ፣ ያው ደቂቃ፣ ሁለት ልደት። ስልኳ ላይ የሌለው፣ እኔ ላፕቶፕ ላይ ያለው ምንድን ነው? ዝም አልኩ። ማስገቢያው ሁለት ቀን ቀርቶት ስለነበር አስተካክላ መልሳ ላከችው። እስከ ዛሬ ግን ልደቷ በደረሰ ቁጥር ደውላ «ወንድምዬ፣ ዘንድሮ ስንት ሞላኝ?» ትለኛለች።

አንዳንዶቻችሁ «ጥፋቱ የኮዱ ነው፤ የቅጽ ሳጥን መንካት አልነበረበትም» ትላላችሁ። ልክ ናችሁ። ግን ስህተት የሌለበት ኮድ ማን ጽፎ ያውቃል? እኔ አልጻፍኩም። ያንን ስክሪፕት የምፈልገው ሦስት የዜና ሳይቶች ላይ ነበር። ሦስት! እዚያ ብቻ ቢታሰር ኖሮ ያው ስህተት እያለበት የማንንም ልደት አይነካም ነበር።

አያቴ በግ ስታስር ትዝ ትለኛለች። ካስማውን ከመምታቷ በፊት ገመዱን በክንዷ ትለካዋለች፤ ከዚያ ቀና ብላ የጎረቤት ገብስ የት ድረስ እንደሆነ ታያለች፤ እንደገና ትለካለች። እኔ ልጅ ነኝ፣ ይሰለቸኛል። «እማማ፣ በቃ እሰሪውና እንሂድ» ስላት «በጉማ ምን ያውቃል ልጄ፤ የበላውን የምከፍለው እኔ ነኝ» አለችኝ።

እሺ፣ ወደ አንደኛው ነጥብ። የእኛ ገመድ @ማች ነው። ስክሪፕቱ አናት ላይ፣ ከኮዱ በፊት የሚጻፍ መስመር ነው። ሦስት ክፍል አለው፦ ፕሮቶኮሉ (ኤችቲቲፒ ወይም ኤችቲቲፒኤስ የሚለው)፣ ዶሜይኑ (የሳይቱ ስም)፣ ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ። ኤችቲቲፒኤስ://ምሳሌ.ኮም/ዜና/* እንበል። ይህ ምሳሌ.ኮም ላይ፣ ዜና ክፍል ውስጥ ያለ ማንኛውም ገጽ ማለት ነው። ስፖርት ክፍሉ ላይ አይሠራም። የመግቢያ ገጹም ላይ አይሠራም። እንዲህ ያለው መስመር ነው የሚያስደስተኝ።

ስታሯ (* ናት፤ «ማንኛውም» ማለት) ቦታ ቦታ አላት። ፕሮቶኮሉ ቦታ ላይ ከሆነች ኤችቲቲፒ ወይም ኤችቲቲፒኤስ ማለት ነው። ዶሜይኑ ላይ ደግሞ መጀመሪያ ላይ ብቻ ነው የምትቆመው፤ *.ምሳሌ.ኮም ስትሉ ሰብዶሜይኖቹን (ከፊቱ ሌላ ስም የተጨመረባቸውን) በሙሉ፣ ራሱን ምሳሌ.ኮምንም ጨምራችሁ ነው። ብዙ ሰው «ራሱን አይጨምርም» ብሎ ሁለት መስመር ይጽፋል፤ አያስፈልግም። መሀል ላይ ግን፣ ዳብልዩ ዳብልዩ ዳብልዩ ነጥብ ስታር ነጥብ ኮም ብትሉ፣ የ@ማች መደበኛ ደንብ አይፈቅድላችሁም። ጥሩ አድርጎ!

እንግዲህ እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ የወደቅኩበትን ልንገራችሁ። ኤችቲቲፒኤስ://ምሳሌ.ኮም/ ብላችሁ በስላሽ ካቆማችሁ የፊት ገጹ ላይ ብቻ ነው የሚሠራው። ሌላው ገጽ ላይ ዝም ይላል። ሰው ኮዱን ሲፈትሽ ያድራል፤ የጎደለችው አንዲት ስታር ናት። በነገራችን ላይ ሰው ሲናደድ ነው *://*/* የሚጽፈው። «እምቢ ካልክማ ሁሉም ላይ ሥራ!» ይላል። እኔም ያልኩት እንደዚያ ነው።

(ከአዳራሹ አንዲት ልጅ «@ኢንክሉድስ? እሱም ያው አይደለም ወይ?» ብላ ጠየቀች።)

ጎሽ! ያው ይመስላል፤ ያው አይደለም። @ኢንክሉድ የጥንቱ ነው፤ ከግሪስሞንኪ ዘመን የመጣ። @ማች አድራሻውን ክፍል በክፍል ለይቶ ያያል፤ ዶሜይን የቱ ጋ እንደሚያልቅ ያውቃል። @ኢንክሉድ ግን አድራሻውን እንደ አንድ ረጅም ገመድ ነው የሚያየው፤ ስታሯን የትም ብትተክሉለት ይቀበላል። *ምሳሌ.ኮም* ብላችሁ ብትጽፉ ምን ይሆናል? አንድ ሰው የማታውቁት ሳይት ከፍቶ፣ አድራሻው ጭራ ላይ ከጥያቄ ምልክት በኋላ ምሳሌ.ኮም የሚል ቃል ቢለጥፍ ስክሪፕታችሁ እዚያ ይነሣል። «የውሸትምሳሌ.ኮም» የሚባል ዶሜይን ቢገዛም ይነሣል። ገባችሁ? ስክሪፕታችሁ የት እንደሚሠራ የሚወስነው ያ ሰው ሆነ ማለት ነው። ሬጉላር ኤክስፕሬሽን (የጽሑፍን ቅርጽ በምልክት መግለጫ) የምትጽፉም ከነጥቧ ተጠንቀቁ፤ ነጥብ እዚያ ቤት «ማንኛውም ፊደል» ማለት ናት። ስለዚህ ምርጫ ካላችሁ @ማች። @ኢንክሉድን የግድ ሲሆን ብቻ።

@ኤክስክሉድ የሚባልም አለ፤ «ሁሉም ላይ ሥራ፣ እዚህ ግን አትግባ» ለማለት። ሁለቱ ከተጣሉ @ኤክስክሉድ ነው የሚያሸንፈው። ጥሩ ነው፤ ለትንሽ ነገር። አንድ ሳይት ላይ ሠርቶ ሴቲንግ ገጹ ላይ እንዳይሠራ ለማድረግ፣ እሰየው። ግን «ዓለም ሁሉ ላይ ሥራ፣ ባንኮች ላይ አትሥራ» ለማለት ከሆነ የዓለምን ባንክ ሁሉ ልትዘረዝሩ ነው? የትምህርት ዕድል ማመልከቻውንስ በዝርዝሩ ውስጥ ያስገባው ማን ነበር? እኔ አላሰብኩትም ነበር። የረሳችሁት ሁልጊዜ ይኖራል።

አሁን ወደ 2005 ልውሰዳችሁ። በፈረንጆች ነው። «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» ይባል የለ? ያኔ ግሪስሞንኪ ለስክሪፕቶች ተራ ገጽ የሌለው ሥልጣን ይሰጥ ነበር፤ ከማንኛውም አድራሻ ፋይል ማምጣት ይችላሉ። በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ ማርክ ፒልግሪም የተባለ ሰው አንድ ነገር ይፋ አወጣ። ስክሪፕቱ የሚሠራበት ገጽ ራሱ ያንን ሥልጣን ከስክሪፕቱ እጅ መንጠቅ ይችላል። ነጥቆስ? የተጠቃሚውን ኮምፒውተር ፋይሎች ማንበብ ይችላል። የሃርድ ዲስካችሁን!

ልብ በሉ፤ ስክሪፕቱ ክፉ መሆን የለበትም። ደግ ስክሪፕት ነው፤ ፊደል የሚያተልቅ ሊሆን ይችላል። ክፉው ገጹ ነው። ታዲያ ክፉው ገጽ ስክሪፕቱን የሚያገኘው እንዴት ነው? ስክሪፕቱ እዚያ ከገባለት ነው። ሦስት ሳይት ላይ የታሰረ ስክሪፕት ለሦስት ሳይት ነው የሚጋለጠው። *የሚል ስክሪፕት ያለው ሰው ግን ለከፈተው ገጽ ሁሉ ሃርድ ዲስኩን ዘርግቶ ነበር። የባሰው ደግሞ ምን መሰላችሁ? በዚያ ዘመን የት እንደሚሠራ ምንም ሳትጽፉ ከተዋችሁት «ሁሉም ላይ» ተብሎ ነበር የሚወሰደው። ዝም ያለ ሰው አጥሩን በሙሉ ቀደደ ማለት ነው። ሠሪዎቹ ተሯሩጠው 0.3.5 የሚለውን ስሪት አወጡ፤ እነዚያን ሥልጣኖች ጭራሽ ያወለቁበት ስሪት ነው። በኋላ ግንቡን እንደገና ሠሩት። የዛሬዎቹ ኤክስቴንሽኖች ከዚያ የተማሩ ናቸው፤ ያ ቀዳዳ ዛሬ የለም። ግን እኔ ታሪኩን የማነሣው ሌላ ቀዳዳ አይኖርም ያለኝ ሰው ስለሌለ ነው።

ሁለተኛው ነጥብ። እስካሁን ያወራሁት ለሚጽፍ ሰው ነው። አብዛኞቻችን ግን አንጽፍም፤ ግሪሲ ፎርክ (ሰዎች ስክሪፕታቸውን የሚያካፍሉበት ሳይት ነው) ሄደን የሰው እንጭናለን። ስትጭኑ አንድ ገጽ ይመጣል፤ ኮዱ፣ ከላይ ደግሞ የሚሠራባቸው ሳይቶች ዝርዝር። ስንቶቻችሁ አንብባችሁት ታውቃላችሁ? ... እሺ፣ አልቆጥርም።

ኮዱን ባታነቡ አልቀየማችሁም፤ ሁለት ሺህ መስመር ሊሆን ይችላል። ዝርዝሩን ግን አንብቡ። የዩቲዩብ ድምፅ የሚያስተካክል ስክሪፕት ነው የተባለው ሁሉም ሳይት ላይ ልሥራ ካለ፣ ለምን? ብላችሁ ጠይቁ። አንዳንዴ ምክንያት አለው። አንዳንዴ ሰውየው እንደ እኔ ሰንፎ ነው።

ዝርዝሩ ሰፍቶባችሁ ስክሪፕቱን ግን ወዳችሁታል እንበል። ኮዱን ከፍታችሁ መስመሩን እዚያው አታርሙት! አዲስ ስሪት ሲመጣ እርማታችሁን ጠርጎት ሊሄድ ይችላል፣ እናንተም ላታውቁ ትችላላችሁ። ታምፐርሞንኪ ውስጥ ስክሪፕቱን ስትከፍቱ ሴቲንግስ የሚል ክፍል አለ። እዚያ የደራሲው ዝርዝር ለብቻው፣ የእናንተ ዝርዝር ለብቻው ነው የሚቀመጠው። የደራሲውን መዝጋት፣ የራሳችሁን መጻፍ ትችላላችሁ። ቫዮለንትሞንኪም አለው፤ የደራሲውን አቆይ የምትል ምልክት አለች፣ እሷን ማንሣት ነው። እዚያ የጻፋችሁት አዲስ ስሪት ቢመጣም አይነካም።

ከዚያ በላይ ደግሞ ራሱ ብራውዘሩ አለ። ክሮም ላይ የኤክስቴንሽኑን ዝርዝር ገጽ ክፈቱ፤ ሳይት አክሰስ የሚል ታገኛላችሁ። ሲጫን ብቻ፣ በተመረጡ ሳይቶች፣ በሁሉም ሳይቶች። ታምፐርሞንኪን ራሱን በአምስት ሳይት ብታስሩት በውስጡ ያለ ስክሪፕት ምንም ብሎ ቢጽፍ ከአምስቱ አይወጣም። እኔ የሥራ ላፕቶፔን ያሰርኩት እንደዚህ ነው። አዎ፣ ያሰለቻል፤ አዲስ ሳይት ሲያስፈልግ መሄድና መጨመር አለ። አያቴም ገመድ ስትለካ ታሰለቸኝ ነበር። አዲስ ለጫናችሁ ደግሞ፦ ከክሮም 138 ጀምሮ እዚያው ገጽ ላይ «አላው ዩዘር ስክሪፕትስ» የሚል ማብሪያ አለ፤ ካልበራ አንድም ስክሪፕት አይሠራም። ባለፈው አንድ ወዳጄ ይህን ሳያውቅ ሦስቴ አጥፍቶ ጭኗል።

ሦስተኛው ነጥብ፤ መስመሩ ልክ ሆኖ ስክሪፕቱ እምቢ ሲል። የዛሬ ሳይቶች ብዙዎቹ አንዴ ከተጫኑ በኋላ ገጽ አይቀይሩም፤ አድራሻውን ብቻ ከላይ ይለውጡታል። ዩቲዩብን እዩት። ፊት ገጹን ከፍታችሁ አንድ ቪዲዮ ስትጫኑ አድራሻው ይቀየራል፤ ገጹ ግን እንደ አዲስ አልተጫነም። ብራውዘሩ ስክሪፕት የሚያስገባው ገጽ ሲጫን ነው። ስለዚህ «ቪዲዮ ገጽ ላይ ብቻ» ብላችሁ የጻፋችሁት በፊት በር ለመጣ ሰው አይነሣም፤ ገጹን ሪፍሬሽ ሲያደርገው ይነሣል። «አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ መጀመሪያ ይህን ጠይቁት። መፍትሔው ገመዱን ለዚያ አንድ ሳይት በሙሉ ማርዘም፣ ከዚያ ኮዱ ውስጥ አድራሻው ሲቀየር እያዩ «አሁን ቪዲዮ ገጽ ላይ ነኝ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ለአንድ ሳይት ማርዘምና ለዓለም ማርዘም አንድ አይደለም።

ቴሌግራምን በብራውዘር የምትከፍቱም እንዲሁ። የትኛው ቻናል ውስጥ እንዳላችሁ የሚነግረው ከሃሽ ምልክቷ (#) በኋላ ያለው ነው፤ @ማች ደግሞ ከሃሽ በኋላ ያለውን አያይም። አንድ ቻናል ላይ ብቻ እንዲሠራ ከፈለጋችሁ ያንንም ኮዱ ውስጥ ነው የምትፈትሹት።

ፍሬምን ቶሎ ልለፈው። ገጽ ውስጥ ሌላ ገጽ አለ፤ ስክሪፕታችሁ አድራሻው ከገጠመለት እዚያም ይገባል። የጨመራችሁት ቁልፍ ሦስት ቦታ ከወጣ ምክንያቱ ይሄ ነው፤ @ኖፍሬምስ የሚል መስመር ጨምሩ፣ ያልቃል። ሁሉም ላይ ሥራ ያላችሁት ደግሞ የመክፈያ ካርድ የሚሞላበት ፍሬም ውስጥም ይገባል። እሱን ለእናንተ ትቻለሁ።

እሺ፣ ወሬ በዛ። አሁን ላፕቶፕ የያዛችሁ ክፈቱ። ክፈቱ፣ ክፈቱ! አንድ ገጽ ላይ ሁኑና የታምፐርሞንኪን ምልክት ተመልከቱ፤ ላዩ ላይ ትንሽ ቁጥር አለች። እዚህ ገጽ ላይ አሁን የሚሠሩት ስክሪፕቶች ቁጥር ናት። እስቲ ንገሩኝ። አንቺ? ዜሮ። ጎበዝ። አንተስ? ሁለት፤ ደህና። እዚያ ጥግ ያለኸው?

(«ሰባት» አለ አንድ ልጅ።)

ሰባት? የምን ገጽ ነው የከፈትከው?

(«የባንኬ መግቢያ» አለ። አዳራሹ ሳቀ።)

ፓስወርዱን እንዳታስገባ! ዝጋውና ላፕቶፑን ወዲህ ይዘኸው ና፤ አብረን አንድ በአንድ እናስራቸዋለን።